ለፔጊ የሚሆን አልጋ

"ምድር ቤት ይሁን፤ ደረጃ አትችልም፣ ጉልበቷ ነው" አለች ፓትሪሺያ፣ ቅቤውን እስከ ዳቦዋ ጫፍ እያዳረሰች። "መታጠቢያው መያዣ ብረት ይኑረው። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ይሁን። መስኮቱ ሥር ደግሞ ባለክንድ ወንበር የሚያስቀምጥ ቦታ ከተገኘ በቃ፣ ተገላገልን።"

ሙሪየል ማንኪያዋን ገንፎዋ ላይ አቁማ በጥሞና ሰማች። የሚወራው ስለ ፔጊ ነው፤ ካናዳ ስለምትኖረው የአጎታቸው ልጅ። ፔጊ ለፋሲካ እነሱ ወዳሉባት ትንሽ ከተማ ወደ ኢሊ ልትመጣ ነው ተባለ፤ ስለዚህ አልጋ ከነቁርሱ ከሚያከራዩት ቤቶች አንድ ደህና ሊፈለግላት ነው። ሙሪየል ፔጊን በዓይኗ ካየቻት ዘመን የለውም፤ ገና በመጣ ቁጥር ካርድ ይላላካሉ፣ ያው እንዴት ነሽ እንዴት ከረምሽ ነው። ጉልበቷን መታመሟን ግን ገና ዛሬ መስማቷ ነበር። የራሷን ግራ ጉልበት ከጠረጴዛው ሥር እየዳበሰች፣ የኛ ዘር ጉልበት አልታደለም ብላ አዘነችላት። ለምን እዚሁ አታርፍም፣ እኔ ክፍሌን ልልቀቅላትና ሳሎን ልተኛ ብትል ፓትሪሺያ ሳቀች። ቤቱ ሊቀባ ነው አለች፤ የቀለሙ ሽታ ሴትዮዋን ይገድላታል፤ ደግሞ ሰው በዚህ ዕድሜ የራሱ በር ያስፈልገዋል። የሙሪየል ወንድም ክላይቭ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ገጹን ሲገልጥ ግን አልተሰማም።

"ሙሪየልዬ፣ ሄደሽ አንቺው ምረጪ" አለች ፓትሪሺያ። "ጣቢያው መንገድ ላይ አንድ አለ፤ ካቴድራሉ ጥግ አንድ አለ፤ ወንዙ ዳር ደግሞ የወይዘሮ ሎክዉድ ቤት አለ፣ ደህና ሴት ናት ይላሉ። የወደድሽውን ያዢ። ያንቺን ዓይን የሚያልፈው የለም።"

እዚያ ቤት ውስጥ ምረጪ የሚል ቃል ለሙሪየል ከተነገራት ስንት ጊዜው! የመጋረጃ ቀለም ሲመረጥ አልተጠየቀችም፤ ድመቷ ስትሞት ሌላ ድመት ይምጣ አይምጣ ሲባል አልተጠየቀችም። ስለ እሷ የሚባል አንድ ነገር ብቻ አለ፤ "ሙሪየል አታስቸግርም" ይባላል። እናቷ ለእንግዳ ስታሳያት እንዲህ ትል ነበር፤ ጫማ መደብር ስትሠራ አለቃዋ እንዲህ ይላት ነበር፤ ፓትሪሺያም ክላይቭን አግብታ በገባች ሰሞን ለጓደኞቿ በስልክ፣ "እህቱ አብራን ነው የምትኖረው፣ ግን አታስቸግርም" ስትል ሙሪየል ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። እንደ ክርስትና ስም ተጣብቆባት ቀርቷል። እና ዛሬ ይኸው፣ ተመረጠችና መራጭ ሆነች። የእሁድ ካፖርቷን ለበሰች፣ ባርኔጣዋን ደፋች፣ ከዘራዋን ያዘች። የገንፎ ሳህኗን ግን አጥባ ነው የወጣችው።

ስለ ገንፎውም ልንገራችሁ። ይሄ የአጃ ገንፎ ነው፤ አገሩ ሁሉ ስኳር ወይ ማር አድርጎ የሚበላውን ሙሪየል በጨው ነው የምትበላው። አባቷ ከስኮትላንድ የመጣ ሰው ነበር፤ ስኳር ለፈረስ ነው ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ እናትየው አልጋ ላይ ስትውል ታናሽ ወንድሟን ክላይቭን በዚያው ገንፎ ያሳደገችው ሙሪየል ናት፤ እያበረደች፣ እያጎረሰች፣ አፉን እየጠረገች። ፓትሪሺያ ቤቱ በገባች ሳምንት ክላይቭ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ እውነቱን ለመናገር ወድጄው አላውቅም አለ። ሙሪየል ያን ቀን ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ጨውዋን ለብቻዋ ትነሰንሳለች።

ጣቢያው መንገድ ያለው ቤት ገና በሩ ላይ ሲደርሱ ውሻ ውሻ ይሸታል። ባለቤቷ ወይዘሮ ግሪብል ነፋሱ አይጣል ነው አለች፤ ሙሪየልም ትናንት ይሻል ነበር አለች፤ ወይዘሮ ግሪብልም ነገ ደግሞ ይብሳል ይላሉ አለች፤ በዚህ ተዋወቁ። ምድር ቤት ክፍል የለም። ያለው ሁለት ፎቅ ወጥቶ ነው፣ ደረጃውም እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፣ አልጋው ላይ አንድ ወፍራም ውሻ ተኝቶ ያንኮራፋል። ቁርስ ካንድ ሰዓት እስከ ሁለት ብቻ ነው፤ ቋሊማ የፈለገ ማታውኑ ይናገራል። ሙሪየል አመሰገነች፣ እንደገና አመሰገነች፣ በጣም የሚያምር ውሻ ነው ብላ ወጣች። ፓትሪሺያ ምድር ቤት እንደሌለው ሳታጣራ እንዴት ላከችኝ ብላ ትንሽ ገረማት። ግን ሰው ነው፣ ይሳሳታል።

ካቴድራሉ ጥግ ያለውን ደግሞ የያዘው ጁልያን የሚባል ወጣት ነው፤ ካልሲ አላደረገም፣ በዚያ ብርድ። ክፍሉ ነጭ በነጭ ነው፤ አልጋው ላይ ትራስ ላይ ትራስ ተከምሯል፤ ሰውየው የት ሊተኛ ነው ያሰኛል። ዋጋውን ሲነግራት ሙሪየል ሳታስበው ከዘራዋን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ላንድ ሌሊት መቶ አርባ ፓውንድ! ወጣቱ አልደነቀውም፤ መጋረጃውን ገልጦ የካቴድራሉን ማማ አሳያት። "የሚከፈለው ለአልጋው አይደለም፣ ለዚህ ነው" አላት። ሙሪየል አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየችና ሳቋ መጣ፤ ማማው ግማሹ በዛፍ ተጋርዷል። "እኔ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሙሉውን ነው የማየው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ፣ በነጻ" አለችው። ወጣቱ ያን ጊዜ ነው ከልቡ ያያት። እንደሱ ያለ ክፍል ወርቅ ነው፣ ያስቡበት እንጂ አላት። ምኑን ላስበው፣ እተኛበታለሁ እንጂ አለችና ተሳስቀው ተለያዩ።

ወደ ወንዙ ስትወርድ ደስ ብሏት ነበር። ነፋሱ ከረግረጉ ሜዳ እየተነሳ ካፖርቷን ያራግበዋል፤ ጀልባዎቹ ታስረው ይወዛወዛሉ። የወይዘሮ ሎክዉድ በር ሰማያዊ ነው፤ እጀታው ነሐስ ነው፣ ያበራል። ሴትዮዋ ደልደል ያለች ናት፣ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ከፈተችላት። ሙሪየል ለአቶ ክላይቭ ፖላርድ ቤት እንግዳ ክፍል ለማየት ነው የመጣሁት ስትላት ፊቷ በራ፤ ይግቡ ይግቡ፣ ስጠብቅዎ ነበር አለች። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። መታጠቢያው መያዣ ብረት አለው። ሙሪየል በተሰጣት ሥልጣን ልክ ሠራች፤ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፣ ሙቅ ውሃውን ከፈተችና እስኪሞቅ ጠበቀች፣ መጋረጃውን ዘጋች ከፈተች፣ አልጋው ላይ ተቀምጣ ከፍ ዝቅ አለች። ፍራሹ ጠንከር ያለ ነው፣ ለወገብ ደህና ነው። መስኮቱ ሥር ባዶ ቦታ አለ፣ ለባለክንድ ወንበር ልክ ነው። ለራሴ ቢሆን እንኳ ከዚህ የተሻለ አልመርጥም ብላ ጮክ ብላ ተናገረች።

ቁርሱ እንዴት ነው ስትል ወይዘሮ ሎክዉድ ሳቀች። "ለሌላው እንግዳ እንቁላልና ቋሊማ ነው" አለች። "ለእሳቸው ግን ገንፎ ነው ተብያለሁ። በጨው! በዚህ ሁሉ ዘመኔ ገንፎ በጨው የሚበላ እንግዳ ገጥሞኝ አያውቅም። ግድ የለም፣ እሠራላቸዋለሁ።"

ሙሪየል አልጋው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ፔጊ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገንፎ በጨው? የስኮትላንዱ ሰው የሙሪየል አባት እንጂ የፔጊ አባት አይደለም፤ ፔጊ በእናታቸው በኩል ናት፣ ያ ቤት ደግሞ ገንፎም አይወድም። ማን ነገረዎት ብላ ጠየቀች።

"ወንድማቸው ናቸዋ" አለች ወይዘሮ ሎክዉድ። "ቅዳሜ መጥተው ነበር። እንዴት ያሉ ደግ ሰው ናቸው! እርስዎ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ፍራሹን ሞከሩት። የእህታቸው ወንበር ይገባ እንደሆን በእጃቸው ስንዝር ለኩ። የካቴድራሉ ደወል ይሰማል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ነፋሱ ከዚያ በኩል ሲመጣ ነው አልኳቸው። ያን ጊዜ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው። እስከ በጋው በወር በወር እንሞክረው፣ ከዚያ በኋላ እዚሁ ይለምዱታል አሉ። ባለቤታቸው የቤታቸውን ክፍል እንደ እኔው ለእንግዳ ልታከራይ ነው አሉኝ፤ ማማው ፊት ለፊት የሚታይበት ክፍል ነው አሉ። ምን ይደረግ፣ ኑሮ ነው። ስለ እህታቸውም አይጨነቁ አሉኝ፤ አታስቸግርም አሉ።"

ያቺ ቃል መጣች። የጨው ገንፎው ሲነሳ ገና ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ አታስቸግርም ስትባል ግን ስሟ ተጠራ። ጉልበቷ የታመመው ፔጊ አይደለችም። ባለክንድ ወንበሩ ከካናዳ አይመጣም፤ ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ሥር ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ሜትር ይዞ ክፍሏን የለካው ሰውዬ አዲስ መጋረጃ ሊሰፋልኝ ነው ብላ ሻይ ከብስኩት ጋር አቅርባለት ነበር፤ የለካው ለእንግዳ አልጋ ኖሯል። መሰላሉና ውሻውም፣ መቶ አርባውም፣ እሷ እንድትጥላቸው የተቀመጡ ነበሩ። ከሦስት አንዱን መረጥኩ ብላ ደስ እንዲላት! የተመረጠላትን በገዛ እጇ ፈትሻ፣ በገዛ አፏ አመስግና ጨረሰችው።

"እርስዎ ጎረቤታቸው ነዎት?" አለች ወይዘሮ ሎክዉድ። "እህትየዋን ያውቋቸዋል?"

"አውቃታለሁ" አለች ሙሪየል።

አመስግና ወጣች፤ እዚህ አገር ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ አመስግኖ ነው የሚወጣ። ወይዘሮ ሎክዉድ ነፋሱ ጨምሯል፣ ባርኔጣዎን ይያዙ አለቻት። ሙሪየል ባርኔጣዋን ይዛ ሽቅብ መንገዱን ጀመረች።

ካቴድራሉ ፊት ያለው ሣር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ደርሳ ተቀመጠች። ፓትሪሺያን መርገም ቀላል ነበር፣ ስትወጣም እሷን እየረገመች ነው የወጣችው። ፓትሪሺያ ባዳ ናት፤ ባዳ የባዳውን ያደርጋል። ቅዳሜ ዕለት ግን እዚያ አልጋ ላይ የተቀመጠው ፓትሪሺያ አይደለችም። ጨውዋን የነገረው፣ ወንበሯን በስንዝር የለካው፣ ደወሉን የጠየቀው ያሳደገችው ልጅ ነው። ባያውቃት፣ ባይወዳት ኖሮ እኮ ምናለበት! ሰው እንዲህ አድርጎ ሰውን እያወቀ፣ እያንዳንዱን ነገሯን ለቅሞ፣ ባዕድ ደጅ ወስዶ ያስቀምጣታል? ሰው ቤት አልጋ ላይ ተቀምጦ ባዕድ ሴት ፊት አለቀሰ፤ እቤት ግን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ዘረጋ። የሚያጎርስ እጅ ይነከሳል ሲሉ ትሰማ ነበር። እንባ እያፈሰሱ እንደሚነክሱት ግን የነገራት የለም።

ቤቱን እናታቸው ለክላይቭ ነው ትታው የሞተች። ሙሪየል ያን ጊዜ ቅር አላላትም፤ እናትየው እጇን ይዛ፣ ክፍልሽ ክፍልሽ ነው፣ ወንድምሽ አለልሽ ብላታለች። ክላይቭም ከአልጋው ማዶ ቆሞ በእሺታ ራሱን ነቅንቋል። እንግዲህ ያላት ያ የራስ ንቅነቃ ብቻ ነው። ልጅ ሳለ አጥፍቶ የመጣ እንደሆነ ፎቅ ወጥቶ በሯ ላይ ይቆምና፣ "ሙ፣ ተቆጥተሻል?" ይላት ነበር። ተቆጥታ አታውቅም። እሷ አልተቆጣሁም እስክትል ድረስ ከዚያ በር አይነቃነቅም ነበር።

የከሰዓት ሻይ ሰዓት ላይ እቤት ደረሰች። ፓትሪሺያ ኬክ ቆርሳ ጠበቀቻት፤ ኬክ የሚቆረሰው እሁድ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ክላይቭ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ሙሪየል ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። ስለ ጣቢያው መንገድ ውሻ አወራች፣ ስለ ወጣቱ ካልሲ አወራች፤ ፓትሪሺያ ከሚገባው በላይ ሳቀች። ታዲያ የትኛው ሆነ ስትላት፣ የወይዘሮ ሎክዉድ አለች ሙሪየል፣ እንከን የለውም። ፓትሪሺያ ትንፋሿን ለቀቀችና ባሏን አየችው፤ አላልኩህም ዓይነት አስተያየት ነው።

"ክላይቭ" አለች ሙሪየል። "ፔጊ ገንፎዋን በምንድን ነው የምትበላው?"

ኬኩም ሹካውም ባለበት ቆመ። ክላይቭ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ፣ አንገቱ ከሥሩ ጀምሮ ቀላ። ስድሳ ያለፈው ሰውዬ ብስኩት የሰረቀ ልጅ መስሎ ቆመ። ከዚያ ሻይ ላፍላ አለና የኤሌክትሪኩን ማንቆርቆሪያ አነሳ። ጠረጴዛው ላይ የሞላ ሻይ አለ፣ ይጨሳል።

"ሻይ አልፈልግም" አለች ሙሪየል። "በአፍህ ንገረኝ። ውጪ በለኝ፣ እወጣለሁ። ግን አንተው በለኝ።"

"ሙሪየል፣ ነገሩን እንዲህ አታድርጊው" አለች ፓትሪሺያ። "እንዲያው ይመችሽ ይሆናል ብለን እኮ ነው። ደግሞ ቤቱ የክላይቭ ነው።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው እሱ ይንገረኝ ያልኩት።"

ክላይቭ ጀርባውን ሰጥቶ ውሃ ሞላ። ውሃው ሞልቶ ሲፈስ ቧንቧውን መዝጋት ረሳ። ሙሪየል ጠበቀች። እንዲህ አድርጋ ጠብቃው አታውቅም፤ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እንኳ፣ ዝናብ እየወረደባት። አንዲት ቃል ብትመጣ፣ ይቅርታም ትሁን፣ ውጪም ትሁን፣ የወንድም ቃል ናትና ትቀበላት ነበር። የተጣደው ማንቆርቆሪያ መንጫጫት ጀመረ። በመጨረሻ ክላይቭ ተናገረ፣ የተናገረውም ለማንቆርቆሪያው ነው።

"ፔጊ እዚያ ይመቻታል" አለ።

ሙሪየል ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች። 

"ፔጊ ሐሳቧን ለውጣለች" አለች። "የትም አትሄድም፣ እዚሁ ናት። ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ፔጊ ታስቸግራለች።"

ኬኩን አልነካችውም፣ ስኒውን አላነሳችም፣ እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ደረጃውን ሌላ ጊዜ ሰው እንዳትረብሽ በጣቶቿ ጫፍ ነው የምትወጣው። ዛሬ ከዘራዋን በየደረጃው ላይ እያሳረፈች ወጣች፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ። ክፍሏ ገብታ በሩን ወርወር አድርጋ ዘጋችው። ከታች አንድ ስኒ ሲንቀጫቀጭ ተሰማ።

ባለክንድ ወንበሯ ላይ ከነካፖርቷ ተቀመጠች። ማማው ከመስኮቱ ውጭ እንደወትሮው ቆሟል፤ ዛሬ አላየችውም፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋለች። ቢመጣ ምን እንደምትለው አላወቀችም። ሙ፣ ተቆጥተሻል ቢላት፣ አዎ በጣም ተቆጥቻለሁ ትለው ይሆናል፤ ብላው ደግሞ ታለቅስ ይሆናል። ብቻ ይምጣ። ማንቆርቆሪያው ጠቅ ብሎ ሲጠፋ ሰማች። ወንበር ሲሳብ ሰማች። ከዚያ ጋዜጣ ሲገለጥ ሰማች፣ ደረጃው ግን ዝም አለ።